ሰማያዊው ኮለምና የወይዘሮ አስካለ በጎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶክተር ፍሬው አንድ ጣት የሚያህል የፕላስቲክ ቱቦ በእጄ አስያዙኝ። ከታች ሰማያዊ አሸዋ የመሰለ ነገር ተኝቶበታል፤ ከላይ ውሃ አለው። «ይኼ ኮለም ይባላል» አሉኝ። «ዛሬ ሌላ ሥራ የለሽም። እንዳይደርቅ ብቻ ጠብቂው።»

ያን ቀን በሙሉ ቱቦ ስጠብቅ ዋልኩ። ውሃው ዝቅ ባለ ቁጥር ጠብ አደርግለታለሁ። በኬሚስትሪ ዲፕሎማ ይዤ ውሃ ጠባቂ ሆንኩ ብዬ ተናድጄ ነበር፤ የእኔ ንዴት ደግሞ ፊቴ ላይ አይደበቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰው መጡ። «ደረቀ?» አሉኝ። «አልደረቀም» አልኩ። «እንግዲያው ነገ ፕሮቲን ታሳልፊበታለሽ» ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ። ከመቶ ጊዜ በላይ ሳጠጣው የዋልኩት አሸዋ በኋላ እንጀራዬ ሆነ።

ላቦራቶሪያችን ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጀነሬተር ያለው የበግ ጤና ላቦራቶሪ ነበር። ከምናሳድዳቸው በሽታዎች አንዱ ማዲ ቪስና ይባላል። የበግን ሳንባ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚያጠነክር ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ክትባትም የለውም። ያለው መፍትሔ የተያዘውን በግ በደም ምርመራ ለይቶ ከመንጋው ማውጣት ነው።

ለምርመራው ከቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ፕሮቲኑ ብቻውን ማንንም አያሳምም፤ የበጉ ደም ቫይረሱን ያውቀው እንደሆነ ለመጠየቅ ያገለግላል። ከውጭ ሲታዘዝ ወራት ይፈጃል፤ ሲደርስም አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ሞቆ ተበላሽቶ ነው። ስለዚህ እኛው እናመርተው ነበር። የፕሮቲኑን ዘረመል አንጀት ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ ውስጥ እናስገባለን፤ ባክቴሪያውን በጠርሙስ እናራባለን፤ ከዚያ ሰብረን ውስጡን እናወጣለን። ችግሩ ባክቴሪያው የራሱ የሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ያሉት መሆኑ ነው። የእኛን አንዱን ከእነዚያ ሁሉ መለየት ነበር የእኔ ሥራ።

«ለዚህ ነው ጅራት የቀጠልንበት» አሉኝ ዶክተር ፍሬው በሁለተኛው ቀን። «ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። እሱን ስድስት ጊዜ ደርድረን ከፕሮቲኑ ጫፍ ላይ ቀጥለነዋል።»

«የሜንዝ በግ በላቱ እንደሚታወቀው ይኼም በጅራቱ ይታወቅ ብለው ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። እስከ መጨረሻው ድረስ እኔ ስቀልድ የሚስቁ አለቃ ነበሩ፤ እኔም ቀልዴን የምቆጥበው ለእሳቸው ነበር።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሰማያዊው ቀለም የኒኬል ነው። ኒኬል ስድስት መያዣ ቦታ አለው። አራቱን አሸዋው ላይ የተተከለው ሞለኪውል ጨብጦታል፤ አሸዋውን እኛ ሬዚን እንለዋለን። ሁለቱ ቦታ ክፍት ነው። ሂስቲዲን ቀለበት የመሰለ ጎን አለው፤ ቀለበቱ ላይ ያለው ናይትሮጅን ክፍቱን ቦታ ይይዛል። አንድ ሂስቲዲን ብቻውን ቢይዝ ቶሎ ይለቃል። ስድስት ሲሆኑ ግን አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል፣ ያኛው ሲለቅ ይኼኛው ይመለሳል። ጭጎጎት በበግ ጠጉር ላይ የሚይዘው እንደዚሁ ነው። እናቴ ጠጉር ፈታይ ስለነበረች ጭጎጎት ስለቅም ያደገ ጣቴ ነገሩን ከዶክተሩ ማብራሪያ ቀድሞ ተረዳው።

ማስለቀቂያው ኢሚዳዞል ይባላል። እሱ ማለት የሂስቲዲኑ ቀለበት ብቻውን ነው። ትንሽ ኢሚዳዞል ሲያልፍ ላላ ብለው የያዙትን የባክቴሪያ ፕሮቲኖች ቦታ ቀምቶ ያባርራቸዋል፤ ይህ ማጠቢያ ነው። ብዙ ሲያልፍ ቦታውን ሁሉ ይወስድና የእኛኑ ፕሮቲን ራሱን ይፈታዋል፤ ይህ ማውጫ ነው። ሥራው በሙሉ የእነዚህን የሁለቱን ልክ ማወቅ ነው።

በሦስተኛው ወር ከባድ ስድብ ቀመስኩ። የሌላው ክፍል ሰዎች ለዘረመል ሥራ ያዘጋጁት ባፈር፣ ማለት ጨው የተበጠበጠበት ውሃ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ተርፎ አገኘሁና ያው ነው ብዬ ኮለሙን አጠጣሁት። ዓይኔ እያየ ሰማያዊው ከላይ ወደ ታች እየነጣ ሄደ። ፕሮቲኑም አብሮ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ወረደ። ባፈሩ ውስጥ ኤዲቲኤ ነበረበት፤ ኤዲቲኤ ማለት ብረት የሚነጥቅ ነገር ነው፤ ኒኬሉን ከሬዚኑ ላይ ላጨው።

«ምን አጠጣሽው?» አሉ ዶክተር ፍሬው።

«የተረፈ ባፈር።»

«የተረፈ! አንቺ ሰው፣ የተረፈ ነገር ሁሉ ይጠጣል?» አሉና ኒኬል ሰልፌት በጥብጬ ኮለሙን እንደገና እንድሞላው አደረጉኝ። ሰማያዊው ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ የጠርሙስ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ሳላነብ ከፍቼ አላውቅም።

እያደር ጎበዝ ሆንኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚያውቁኝ ያውቁታል። ባክቴሪያው ሲሰበር በድምፁ ብቻ መሰበሩን እለያለሁ። ከኮለሙ የሚወርደውን ጠብታ ቆጥሬ ፕሮቲኑ በስንተኛው ቱቦ እንደሚወጣ እናገራለሁ። በመጨረሻ የማጥራት ክፍል ኃላፊ ተብዬ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የራሴ አለቃ ሆንኩ ማለት ነው፤ ጥብቅ አለቃም ነበርኩ።

አንድ አመል ግን አለብኝ፤ ማፍሰስ አልወድም። ያደግሁበት አገር ገብሱን ውርጭ የሚቀድመው አገር ነው። እናቴ እሾህ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ጠጉር ለቅማ ትፈትል ነበር። ያ እጅ ወደ እኔም መጥቷል። ኮለም ሳጥብ ከእኛ ፕሮቲን ጥቂቱ አብሮ ሲወርድ ይቆጨኝ ነበር።

አንድ ዓመት በልግ ቀረ። ክረምቱም ዘገየ። የየቀበሌው ሰው ጓሳ ይከፈትልን ብሎ ኮሚቴውን ጠየቀ። ጓሳ በሕግ የተጠበቀ የጋራ ሣር ነው፤ የሚከፈተው ኮሚቴው በወሰነው ቀን ብቻ ነው። ከተከፈተ ደግሞ የሁሉም መንጋ አንድ ላይ ይገባል። ሳንባውን ያመመው በግ በዚያ ሜዳ ላይ ከሁሉም ጋር ሊተነፍስ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ከዶክተር ፍሬው ጋር መክሮ ያልተመረመረ መንጋ እንዳይገባ፣ ሕመም የተገኘባቸው በጎች እንዲታረዱ፣ የቀሩትም የዚያ መንጋ በጎች ሜዳ እንዳይረግጡ ወሰነ።

በዚያው ሰሞን መብራት እየጠፋ ጀነሬተሩም ናፍጣ እያጣ ባክቴሪያው ተቀጨብኝ። ያወጣሁት ፕሮቲን ከሌላው ጊዜ ሲሶ አይሞላም። የሚመረመረው በግ ግን በዝቷል። ምንም እንዳይፈስ ብዬ ሁለት ነገር አደረግሁ። ለትንሹ ፕሮቲን ትልቁን ኮለም ተጠቀምኩ፣ የሚያመልጠኝ እንዳይኖር። የማጠቢያውን ኢሚዳዞል ደግሞ አሳነስኩ፤ የማጠቢያውንም መጠን ቀነስኩ። ከዚያ ፕሮቲኑን በጄል፣ ፕሮቲኖችን በቁመታቸው ለይቶ በመስመር በሚያሳየው ዝልግልግ ነገር፣ አየሁት። አንድ ወፍራም መስመር፤ ሌላ የለም። ንጹሕ ነው ብዬ ጻፍኩ። ዶክተር ፍሬው ፈረሙ።

ምርመራው ቀላል ነው። ፕሮቲኑን ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ እንለጥፋለን፤ የበጉን ሴረም፣ ማለት ከደሙ የሚጠለለውን ውሃ፣ እንጨምርበታለን። በጉ ቫይረሱን የሚያውቅ ከሆነ ጉድጓዱ ቢጫ ይሆናል። በዚያ ሳምንት አራት መንጋ መረመርን። ሦስቱ ከሞላ ጎደል ደህና ወጡ። አራተኛው የወይዘሮ አስካለ መንጋ ነበር። ከሃያ ሁለት በግ አሥራ አራቱ ቢጫ። በጎቹ ይታረዱ የሚለው ደብዳቤ በማግስቱ ደረሳቸው።

ወይዘሮ አስካለ ባላቸው ከሞተ ወዲህ መንጋውን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። ከራቤል በኩል ካለው ቀበሌ አንድ ሙሉ ቀን በእግር መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። ዶክተር ፍሬው ለስብሰባ ሄደዋል። እኔ ወጣሁ።

«በጎቼን የመረመረው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ እናቴ።»

«አውራውን በግ በማግስቱ አሳርጄዋለሁ። ጎረቤት ነው ያረደልኝ። ሳንባውን በእጄ ይዤ አየሁት። ለስላሳ ነው፣ ቀሊል ነው፣ የጠጠረ የለበትም። ይኼ ምን ዓይነት የሳንባ ሕመም ነው?»

«ሳንባ ላይ ሳይደርስ በደም ይታወቃል» አልኳቸው። እውነት ነው፤ እንደሚታወቅ መጽሐፉ ይላል። ግን በቃል እንደተጠና ትምህርት ነው ያወረድኩት።

«የባለቤቴን በጎች የውጭ በግ ነክቷቸው አያውቅም» አሉ። ከዚያ ቆመው እናት በእናት ይቆጥሩልኝ ጀመር። ቦራዋ የዳልቻዋ ልጅ፣ ዳልቻዋ የጥቁሯ፣ ጥቁሯን ደግሞ ሲያገቡ ይዘዋት የመጡ። አውራውም እዚያው የተወለደ። «ገበያ የወጣች በግ ተመልሳ አልገባችም። ከጎረቤት መንጋ ጋር አልቀላቀልኩም። ታዲያ ከየት መጣባቸው? ነፋስ አመጣው?»

ተናደድኩ። በሥራዬ ሲመጡብኝ አልወድም። «የእኔ ሥራ ንጹሕ ነው» አልኩ። ድምፄም ከፍ ብሏል። እሳቸው ግን አልጮኹም። «ጓሳ የሚከፈተው የዛሬ ሳምንት ነው» አሉ። «ቤቴ ያለው ጭድ እስከዚያ እንኳ አይደርስም። የቀሩትን አሥራ ሦስት እስከ ዓርብ እንዳሳርድ ታዝዣለሁ፤ ስምንቱ ደግሞ ሜዳ አይገቡም። በጎቼ አለቁ ማለት ነው። እኔ የመጣሁት እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ እንደገና እንድታዪው ነው።»

ሊሄዱ ሲሉ ለወጉ ያህል ጠየቅኋቸው፤ «ሌላ ሕመም ነበረባቸው?»

«አምና ተቅማጥ ነበረባቸው» አሉ። «ግልገሎቹም እናቶቹም። ሲብስባቸው ቤት አስገብቼ ከጥጆቹ ጋር አሳደርኳቸው። ዳኑ።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ተቅማጥ ማለት ብዙውን ጊዜ የአንጀት ባክቴሪያ ነው። እኔም ፕሮቲኔን የማመርተው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ነው። የወይዘሮ አስካለ በጎች ደም ከማንም መንጋ በላይ ያንን ባክቴሪያ ያውቀዋል። እኔ ሳህኑ ላይ የለጠፍኩት የቫይረሱን ፕሮቲን ብቻ ካልሆነስ?

በማግስቱ ማድረግ የነበረብኝን ነገር አደረግሁ። ዘረመሉ ያልገባበትን፣ ጅራት ያለው ምንም ፕሮቲን የሌለውን ባዶ ባክቴሪያ አራባሁ። ሰበርኩት። በዚያው ትልቅ ኮለም፣ በዚያው ደካማ ማጠቢያ አሳለፍኩት። ምንም መያዝ አልነበረበትም። ሳወጣው ግን ፕሮቲን ወጣ፤ ጄሉም ላይ አንድ መስመር ሠራ፣ የእኛ ፕሮቲን ከሚቆምበት ቦታ ላይ ልክ። ያኔ ገባኝ። ባክቴሪያው የራሱ የሆነ ሂስቲዲን የበዛበት ፕሮቲን አለው፤ ጅራት ሳንቀጥልለት ኒኬል ይይዛል። ቁመቱ ከእኛው ጋር ስለሚቀራረብ በጄል ላይ ከኋላው ተደብቆ ነበር። ትልቅ ኮለምና ትንሽ ፕሮቲን ሲገናኙ ክፍት ቦታ ይበዛል፤ ክፍት ቦታ ያገኘ ሁሉ ይቀመጣል። ማስነሻው ማጠቢያው ነበር፤ ማጠቢያውን የሰሰትኩት እኔ ነኝ።

ያንን የባዶ ባክቴሪያ ውጤት ሳህን ላይ ለጥፌ የወይዘሮ አስካለን በጎች ሴረም ጨመርኩበት። አሥራ አራቱም ቢጫ ሆኑ። አፈርኩ። ብቻዬን ክፍል ውስጥ ቆሜ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ዶክተር ፍሬው ከስብሰባ ሲመለሱ ሳህኑን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። 

«ደብዳቤው በእኔ ፊርማ ነው የወጣው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ጊዜ ተሳሳትን ካልን ሰዉ ሁለተኛ ደም አያስቀዳንም። እውነተኛ ሕመምተኛም ሲገኝ ተሳስታችሁ ነው ይሉናል።»

«ተሳስተናል እኮ ዶክተር። ንጹሕ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም እጽፋለሁ። እርስዎ ካልፈረሙበት እኔ ኮሚቴው ፊት ቆሜ እናገራለሁ።»

አዩኝ፤ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ስንት ቀን ትፈልጊያለሽ?» አሉ።

«አራት።»

«ናፍጣ አስመጣለሁ። ለኮሚቴውም ማረዱ ይቁም ብዬ አሁን እልካለሁ።» የዚያን ቀን መልእክተኛው በፈረስ ወጣ።

አራቱን ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ ዋልኩ። ትንሿን ኮለም አወጣሁ፤ ሬዚኗ በእኛ ፕሮቲን ጢም ብላ እንድትሞላ፣ ለሌላ ፕሮቲን ቦታ እንዳይተርፍ። በሃያ ሚሊሞላር ኢሚዳዞል አጠብኩ፤ ከዚያ በሃምሳ አጠብኩ፤ ከዚያ ደገምኩ። ከእኛው ፕሮቲን ሲሶው ገደማ ወደ ቆሻሻው ሲወርድ እያየሁ ማጠቤን አላቆምኩም። ጎን ለጎን ባዶውን ባክቴሪያ በዚያው መንገድ አሳለፍኩት፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልወጣም። ከኮለሙ የወረደውን ውሃ ሳህን ላይ ብለጥፈውም አንድ ሴረም ቢጫ አላደረገም። ያኔ ነው የቀለለኝ።

ከዚያ በድሮው ፕሮቲን የመረመርኳቸውን አራቱንም መንጋ እንደገና መረመርኩ። ሴረሙ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ከሦስተኛው መንጋ ሁለት በጎች አሁንም ቢጫ ሆኑ፤ እነዚያ በእውነት የታመሙ ነበሩ፤ ባለቤታቸውም ሲያስሉ አይቻለሁ ብሏል። የወይዘሮ አስካለን ቱቦዎች ስደረድር ዶክተር ፍሬው ከኋላዬ ቆሙ። የአውራውን ቱቦ አይተው «የታረደውን ምን ትመረምሪዋለሽ?» አሉኝ። «ደብዳቤው ላይ የሚገባው የቆሙት ሃያ አንዱ ናቸው።»

«ቢጠይቁኝስ?» አልኩና ጨመርኩት።

ሃያ ሁለቱም ጉድጓድ ጥርት ብሎ ቀረ።

ጓሳ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ደብዳቤውን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ወይዘሮ አስካለ በረታቸው ደጅ ላይ ነበሩ። ጭዱ አልቆ በጎቹ የጣራ ሣር ይነጩ ነበር። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ሃያ አንዱም ነጻ ናቸው፣ ነገ ከሰው መንጋ ጋር ይገባሉ አልኳቸው። «ተመስገን» አሉና አማተቡ። ትንሽ ቆይተው ጠየቁኝ።

«አውራውስ?»

እዚያ ድረስ በመንገድ ላይ ይህን ጥያቄ ስፈራ ነው የመጣሁት። «እሱም ነጻ ነበር» አልኩ። «ስሕተቱ የላቦራቶሪው አይደለም፤ የእኔ ነው። ማጠብ ያለብኝን ያህል አላጠብኩም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሳንባውን በያዝኩ ጊዜ አውቄዋለሁ» አሉ። «ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።» ከዚያ ወደ በረታቸው ገቡ። ቁጭ በይ አላሉኝም፤ ውሃም አላቀረቡልኝም። እንዲያቀርቡልኝም አልጠበቅሁም። በማግስቱ በጎቻቸው ከቀበሌው መንጋ ጋር ጓሳ ገቡ። ከጊዜ በኋላ የመንደሩ ማኅበር አንድ ጠቦት ለአውራ እንዲያሳድጉ ሰጣቸው ሲባል ሰማሁ። ደግ ነው፤ የእርሳቸው አውራ ግን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በጥሩ እጅ ነው የሠራሁት። ለሚተኩኝ የምለው ይኼ ነው። ኮለሙን በፕሮቲናችሁ ልክ ምረጡ። የራሳችሁ ፕሮቲን ጥቂት እስኪፈስ ድረስ እጠቡ። ባዶውን ባክቴሪያ ሁልጊዜ ጎን ለጎን አሳልፉ። ይህን ሳታደርጉ ንጹሕ ብላችሁ አትጻፉ፤ በሌላው በኩል የሚታረድ በግ አለ።